በስብሰባ የተሰረዘው ብርድ

ብርድ በአገራችን ላይ የነበረው ሥልጣን በይፋ ያበቃው አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብርድ እንዳሻው ሲመጣ እንዳሻው ሲሄድ የኖረ፣ ፈቃድ የማይጠይቅ፣ ለማንም ተጠሪ ያልሆነ ኃይል ነበር። ይህን ሥርዓት አልበኝነት የቀጨው ንጉሥ ወይም ጦር ሳይሆን፣ በጃቫ ሰሜናዊ ጠረፍ ባለች አንዲት የወደብ ከተማ የሚገኘው የመንግሥት የሞተር ዘይት ማደባለቂያ ድርጅት የሥራ አመራር ጉባኤ ነው። ተቃዋሚ አልነበረም። ድምፀ ተዓቅቦም አልነበረም። የሻይ ዕረፍቱ ስለተቃረበ ውይይቱም አልረዘመም።

ጉባኤውን የመሩት ዋና ሥራ አስኪያጁ ፓክ ሱጎንዶ ነበሩ። ፓክ ማለት አባት ነው፤ እኛ ዘንድ አለቃ ሁሉ አባት ነው። ልዩነቱ አባት ልጁን ሲያሳድግ አለቃ ራሱን ማሳደጉ ብቻ ነው። ፓክ ሱጎንዶ የተማሩት የሕዝብ አስተዳደር ሲሆን ስለ ሞተር የሚያውቁት ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚታየውን ያህል ነው። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም። የሚያውቅ ሰው ይጠራጠራል፤ የሚጠራጠር ሰው ያመነታል፤ ያመነታ ሰው ደግሞ ሹመት ሲያልፍ ያያል እንጂ አይሾምም። እሳቸው ግን በዚያ ሰሞን ስማቸው በዋና ከተማው በሚኒስቴሩ ኮሪደር መነሣት ጀምሮ ነበር።

ስማቸውን ያስነሣው አገር በቀሉ ዘይት ነው። የዘመኑ የሞተር ዘይት ሁለት ነገር ነው፤ መነሻ ዘይትና ቅመም። መነሻው ድሮ ከመሬት ከሚወጣ ድፍድፍ ይጣራ ነበር። አሁን ደህና የሚባለው በፋብሪካ ውስጥ፣ እንደ ልብስ በልክ ተሰፍቶ የሚወጣው ሲንተቲክ ነው። ቅመሙ ደግሞ አንዱ ጥላሸት ያጥባል፣ አንዱ ዝገት ይከላከላል፣ አንዱ ብረትና ብረት እንዳይፋጁ መካከል ገብቶ ይሸመግላል። የድርጅቱ የላቦራቶሪ ኃላፊ ቡ ዊዳርቲ ብዙ ደክማ ከአገሩ የፓልም ዘይት ሲንተቲክ መነሻ ዘይት ሠራች። ቡ ማለት እናት ነው፤ ቡ ዊዳርቲ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ንግግሯ አጭር፣ ፊርማዋ ፈጣን፤ አለቃ ሲቆጣ ወለሉን ታያለች። ዘይቱ በእውነትም ጥሩ ሆነ። መከራውም ከዚህ ጀመረ።

ሚኒስቴሩ «አገር በቀል» የሚለውን የወርቅ ማኅተም የሚሰጠው የውጭ ቅመም ከልክ ላላለፈበት ምርት ብቻ ነው። የቡ ዊዳርቲ ዘይት ልኩን በጥቂት አልፎ ተገኘ። ስለዚህ ከቅመሞቹ አንዱ አገር ለቆ መውጣት ነበረበት።

የስብሰባው ክፍል ማቀዝቀዣ በፓክ ሱጎንዶ ትእዛዝ ሁልጊዜ እስከ መጨረሻው ስለሚከፈት፣ ተሰብሳቢው ሁሉ ጃኬት ለብሶ፣ የሒሳብ ኃላፊው አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«ቅመሞቹ አንድ በአንድ ይቅረቡ» አሉ ፓክ ሱጎንዶ።

ቡ ዊዳርቲ ተነሣች። «ይሄ አጣቢው ነው፣ ፓክ። ሞተር ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ያጥባል።»

«ቆሻሻ በአገራችን አለ?»

ተሰብሳቢው እርስ በእርሱ ተያየ። ጥያቄው ፖለቲካ ነበረበት።

«ከውጭ የሚገባ ሊኖር ይችላል» አለ የፕሮቶኮል ኃላፊው ሙልዮኖ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«እንግዲያው ይቆይ። ቀጥይ።»

«ዝገት ከልካዩ።»

«ዝገት አለ?»

«የግቢው በር ትናንት ወድቋል፣ ፓክ።»

«ይቆይ።»

«ይሄኛው ፍትጊያ ይከላከላል።»

«በዚህ መሥሪያ ቤት ፍትጊያ የለም» አሉ ፓክ ሱጎንዶ፤ የሒሳብ ኃላፊውንና የግዢ ኃላፊውን ተራ በተራ ተመለከቱና «ቢሆንም ለጥንቃቄ ይቆይ» ሲሉ ጨመሩ።

የቀረው የብርድ ቅመም ነበር።

«የፓልም ዘይት ተፈጥሮው መርጋት ነው» አለች ቡ ዊዳርቲ። «ድስት ውስጥ አድሮ ጧት ነጭ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። የኛ ዘይት በጣም ይሻላል፤ ግን ብርዱ ሲበረታ እሱም ይረጋል። ውስጡ ያሉት የሰም ቅንጣቶች እጅ ለእጅ ይያያዙና ዘይቱን አላንቀሳቅስ ይሉታል። ይህ ቅመም እንዳይያያዙ ያደርጋል።»

ፓክ ሱጎንዶ እስክሪብቷቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እጅ ለእጅ እንዳይያያዙ ያደርጋል?»

«አዎ፣ ፓክ።»

«ቡ ዊዳርቲ፣ ይህች አገር የቆመችው በምንድን ነው?»

«በመተጋገዝ፣ ፓክ።»

«በመተጋገዝ። እጅ ለእጅ በመያያዝ። እኛ ደግሞ በውጭ ምንዛሬ፣ እጅ ለእጅ መያያዝን የሚከለክል መድኃኒት ገዝተን፣ በገዛ ሞተራችን ሆድ ውስጥ እንጨምራለን።»

ሙልዮኖ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። የሒሳብ ኃላፊው ፎጣቸውን አጠበቁ።

«ደግሞስ» አሉ ፓክ ሱጎንዶ የጃኬታቸውን ዚፕ እስከ አገጫቸው እየሳቡ፣ «ብርድ በአገራችን አለ?»

«ዲየንግ ተራራ ላይ ነሐሴ ነሐሴ ውርጭ ይጥላል፣ ፓክ። ድንቹን ያቃጥለዋል።»

«ውርጭ የድንች ጉዳይ ነው። ድንች ደግሞ በግብርና ሚኒስቴር ሥር ነው።»

ቡ ዊዳርቲ ወለሉን አየች። በቃለ ጉባኤው ላይም «የላቦራቶሪ ክፍሉ ለውሳኔው ያለውን ልባዊ ድጋፍ በዝምታ ገልጿል» ተብሎ ሰፈረ።

ለዘይቱ ምረቃ የሚሆን ቦታ ማፈላለግ የሙልዮኖ ሥራ ነበር። የክብር እንግዳው ምክትል ሚኒስትሩ ናቸው፤ ምክትል ሚኒስትሩ ደግሞ ሙቀት አይስማማቸውም። በዕለቱ አዲሱ ዘይት የተሞላባቸው አምቡላንሶች ለተራራ መንደሮች በስጦታ ይሰጣሉ። ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ አመለከተ። ቡ ዊዳርቲ ወሬውን ሰምታ ወደ ሙልዮኖ ቢሮ ሄደች።

«ሙልዮኖ፣ ዲየንግ እኮ ብርድ ነው።»

«ታዲያ ለዚህ አይደል የመረጥነው?»

«ነሐሴ ላይ?»

«ነሐሴ ላይ ነው የሚያምረው ይላሉ። ካፖርት ያዢ።»

ሁሉም ካፖርት ያዘ። ዘይቱ ብቻ ባዶውን ሄደ።

የመጀመሪያው ቀን ያለ እንከን አለፈ። ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ፣ ፓክ ሱጎንዶ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ምክትል ሚኒስትሩም ወርቃማውን ዘይት ከብርጭቆ ማሰሮ ወደ አምቡላንሱ ሞተር በገዛ እጃቸው አንቆረቆሩ። በማግሥቱ ጧት አምቡላንሶቹ እንግዶቹን አጅበው በመንደሮቹ መካከል እንዲያልፉ ታቅዶ ነበር።

ጧት ፓክ ሱጎንዶ ከእንግዳ ማረፊያው ሲወጡ የድንቹ ማሳ እስከ ኮረብታው ድረስ ነጭ ሆኖ ጠበቃቸው። ውሳኔው ለብርድ በግልባጭ እንዳልደረሰው ግልጽ ነበር። ከአምቡላንሶቹ በኩል ሞተር የሚያስነሣው የሞተሪኖ ማቃሰት ይሰማል፤ አንዱ ያጉረመርማል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ የሚነሣ ግን የለም። ባኒራን የሚባለው የተራራው ልጅ፣ የአንደኛው አምቡላንስ ሾፌር፣ የዘይት መለኪያውን መዝዞ አሳያቸው። ጫፉ ላይ የተጣበቀው ነገር አይንጠባጠብም።

«ምንድን ነው?»

«ዘይቱ ነው፣ ፓክ። ዳቦ ላይ የሚቀባ ሆኗል።»

ፓክ ሱጎንዶ በዚያ ውርጭ መካከል ላብ አጠመቃቸው። ምክትል ሚኒስትሩ ውስጥ ቁርስ ላይ ናቸው። ቁርስ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢያጣፍጡት፣ ያልቃል።

«ቡ ዊዳርቲ፣ አንድ ነገር በይ።»

«ከተሞቀ ይቀልጣል፣ ፓክ። ከሥር እሳት ያስፈልጋል።»

ከመንገዱ ማዶ ሳርኩም የሚባል ሥጋ በስንጥር ሰክቶ ሳቴ የሚሸጥ ሰው ምድጃውን እያቀጣጠለ ነበር። ሙልዮኖ ሮጦ ከነምድጃው ይዞት መጣ።

«ስንት ስንጥር ልጥበስ፣ ጌታዬ?» አለ ሳርኩም።

«ሥጋ አይደለም። መኪና ነው።»

ሳርኩም አምቡላንሱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። በሙያው ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቷል።

«በኦቾሎኒ ነው ወይስ በጣፋጩ ሶስ?»

ምድጃውን ከሞተሩ ሥር አስገቡት። ሳርኩም ቁጢጥ ብሎ በቀርከሃ ማራገቢያው ከሰሉን ያራግብ ጀመር። የተራራው ሳቴ ሻጮች ሁሉ ተለቅመው መጡና በየአምቡላንሱ ሥር አንዳንድ ተቀመጡ። ጢሱ ከመኪኖቹ ሥር እየተጥመለመለ ሲወጣ፣ ምክትል ሚኒስትሩ አፋቸውን እየጠረጉ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ታላቅ ሰው የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው። ፓክ ሱጎንዶ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመዱ።

«ክቡርነትዎ፣ ሥርዓተ ማራገብ ነው። አባቶቻችን መንገድ ሳይጀምሩ የሚጓዙበትን ነገር በጢስ ይባርኩት ነበር።»

«የውጭ ነገር አለበት?»

«ከሰሉ የኮኮናት ቅርፊት ነው። ማራገቢያው ቀርከሃ። ሰዎቹም ከዚሁ መንደር ናቸው።»

ምክትል ሚኒስትሩ ጎንበስ አሉ፣ ከሳርኩም እጅ ማራገቢያውን ተቀበሉና ራሳቸው አራገቡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አጠገባቸው የነበሩት ጢሱ ነው ብለዋል፤ በማግሥቱ የወጣው ጋዜጣ ግን የአገር ፍቅር መሆኑን አረጋግጧል። ባኒራን ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩም ተነሣ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በራሱ ሮጠ። ዘይቱ የወርቅ ማኅተሙን አገኘ። ማንኛውም አገር በቀል ዘይት የሚጠቀም አምቡላንስ በተራራማ አካባቢ ሳይራገብ እንዳይነሣ መመሪያ ወጣ፤ የፈረሙበትም ፓክ ሱጎንዶ ናቸው። የማራገብ ክፍል ተቋቋመ። የማራገብ በጀት ተያዘ፤ ምክትል ሚኒስትሩ የነኩት ነገር ስለሆነም በጀቱን ለመቀነስ የደፈረ አልነበረም። ሳርኩም ከፍተኛ የማራገብ ባለሙያ ተብሎ የደንብ ልብስ ተሰጠው። ጥቂት ቆይቶ በሙያው ዲፕሎማ እንደሌለው ስለተደረሰበት፣ በባህል ጥናት የተመረቀ አንድ ወጣት አለቃ ሆኖ መጣበት። አለቃው መግቢያ ንግግር ያነባል፤ ሳርኩም ያራግባል። የተራራው ሰው ሳቴ መብላት ካማረው ከእንግዲህ ቆላ ወርዶ ነው።

በሽተኛውም ከሥርዓቱ ጋር ተላመደ። አንዲት አሮጊት አምቡላንሱ ውስጥ ተኝተው ማራገቡ እስኪያልቅ ሲጠብቁ ቁርጠቱ በራሱ ለቀቃቸው፤ ይህም በዓመታዊው ሪፖርት «የሥርዓቱ የፈውስ ጎን» በሚል ርዕስ ቀረበ። እግሩ የተሰበረ ገበሬ በበኩሉ ወረፋውን ሳይጠብቅ በድንች መኪና በመሄዱ ለአገር በቀል ዕውቀት ደንታ ቢስ ተባለ።

አንድ ቀን ባኒራን ወደ ወደቡ ከተማ ወርዶ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመ። ቡ ዊዳርቲ ወንበር ሰጠችው፤ አልተቀመጠም።

«ቡ፣ ትናንት ልጅ ይዤ ነበር። ትንፋሽ አጥሮት። ከሰሉ እርጥብ ሆኖ እንቢ አለ። ልጁ እየጠቆረ እኛ እናራግባለን።»

«እና?»

«ተረፈ። በእግዜር ቸርነት ተረፈ። እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ግን እኔ ዳግመኛ መሪ አልጨብጥም።»

ቡ ዊዳርቲ በዚያ ቀን ወለሉን አይታ አልቀረችም። የውጭ ቅመም መግዛት ተከልክሏል፤ የማራገብ ዕቃ ግን በገፍ ይገዛል። ወደ ግዢ ኃላፊው ሄደች።

«ፈሳሽ ከሰል እፈልጋለሁ» አለች።

«ከሰል ፈሳሽ አለው እንዴ?»

«አዲስ ነው። በበርሜል ይመጣል።»

«ለማራገብ ነው?»

«ለማራገብ ነው።»

«አገር በቀል?»

«እጅግ በጣም።»

የግዢ ኃላፊው ፈረሙ። የብርድ ቅመሙም ከሄደበት ስደት ስሙን ቀይሮ፣ በክብር፣ በመንግሥት ገንዘብ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የትኛውም አምቡላንስ በየትኛውም ውርጭ ቁልፉ ሲነካ ይነሣል። ይህን ከሠራችው ሴት ሌላ የሚያውቀው ባኒራን ብቻ ነበር። መመሪያው ግን መመሪያ ነውና ማራገቡ አልቀረም። የሳርኩም አለቃ ተቆጣጣሪ ስለነበር አንድም ሾፌር ሳይራገብ አይንቀሳቀስም፤ የተንቀሳቀሰ ደመወዙ ይቆረጣል።

ነሐሴ ዞሮ መጣ። የፓክ ሱጎንዶ ሹመት ሊታወጅ ቀናት ሲቀሩት የሥርዓተ ማራገብ አንደኛ ዓመት በዲየንግ በድምቀት እንዲከበር ተወሰነ። ጋዜጠኞች ተጋበዙ። ፓክ ሱጎንዶንም በዋዜማው ጎናቸውን ትንሽ ቆርጠም አደረጋቸው፤ የበሉት የፍየል ሥጋ ነው ብለው ናቁት። ጧት ግን ከአልጋቸው መነሣት አቃታቸው። ከመንደሩ ጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ የሆዳቸውን ቀኝ ጎን ጫን አድርጋ ስትለቀው ጮኹ።

«ትርፍ አንጀት ነው» አለች ነርሷ። «ቶሎ ሆስፒታል ይግቡ።»

በቃሬዛ አውጥተው የባኒራን አምቡላንስ ውስጥ አስገቧቸው። ቡ ዊዳርቲ አጠገባቸው ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ። ፓክ ሱጎንዶ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉዞውን ጠበቁ። መኪናው አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ።

ባኒራን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። «ማራገቡን፣ ፓክ።»

ከውጭ የባህል ተመራቂው ንግግር ይሰማል። «የአባቶቻችን ጢስ» ላይ ደርሷል። ከሰሉ ጤዛ መትቶት ቶሎ አልያዘም፤ ሳርኩም ያራግባል፣ ይስላል፣ ደግሞ ያራግባል።

ቡ ዊዳርቲ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። «ፓክ፣ ዘይቱ አይረጋም። ቅመሙን መልሼዋለሁ። ባኒራን ቁልፉን ቢያዞረው አሁን ይነሣል።»

ፓክ ሱጎንዶ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከቆየ፣ ፓክ።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔና ባኒራን።»

«ማራገቡስ?»

«መመሪያ ስለሆነ ነው እንጂ ለምንም አይጠቅምም።»

በመስኮቱ በኩል ጋዜጠኞቹ ካሜራቸውን አነጣጥረው ቆመዋል። ፓክ ሱጎንዶ ሕመሙ እየወጋቸውም ቢሆን ጥርት አድርገው አሰቡ። በአስተዳደር ትምህርት የሰለጠነ አእምሮ በቃሬዛ ላይም ይሠራል። መኪናው ሳይራገብ ከተነሣ ጋዜጠኛ ይጠይቃል። ሳይራገብ እንዴት ተነሣ ይላል። ለምን ሲራገብ ከረመ ይላል። ከዚያ ቅመሙ ይመጣል፤ ከቅመሙ ማኅተሙ፤ ከማኅተሙ ያ ማክሰኞ። ሹመቱ ደግሞ ገና አልታወጀም። በአንድ ወገን አንጀታቸው አለ፤ በሌላው ወገን ወንበራቸው። አንጀቱ ደግሞ ትርፍ ነው ተብሏል።

«ፓክ» አለች ቡ ዊዳርቲ፣ «ሊፈነዳ ይችላል። ልበለው?»

«አንቺ ምንም አላልሽኝም» አሉ ከንፈራቸውን ነክሰው። «እኔም አልሰማሁም።»

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ባኒራን፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው። ጢሱ ይግባ፤ ከሥርዓቱ ጋር መሆኔ ይታይ።»

ባኒራን በመስታወቱ አያቸው። እጁ ወደ ቁልፉ ሄደና ተመለሰ። መስኮቱን ዝቅ አደረገው። ጢሱ ገባ። ፓክ ሱጎንዶ እየሳሉ፣ በእያንዳንዱ ሳል ጎናቸውን ይዘው እየተጣጠፉ፣ ለካሜራው ፈገግ አሉ። ንግግሩ እስኪያልቅ፣ ከሰሉ እስኪቀላ፣ ጢሱ በመመሪያው መሠረት በሁለቱም ጎን እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ ባኒራን ቁልፉን ነካው፤ ሞተሩም፣ እንደማንኛውም ቀን፣ ወዲያው ተነሣ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አንጀቱ መንገድ ላይ ፈነዳ። ሐኪሙ ለረጅም ሰዓት ከሠራባቸው በኋላ ወጥቶ ቡ ዊዳርቲን «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ቀላል ነገር ነበር። ሕይወታቸው የተረፈው ለጥቂት ነው» አላት። ፓክ ሱጎንዶ ብዙ ሰነበቱ፣ ከሰውነት ተራ ወጡ፣ ግን ዳኑ። ከአልጋቸው ሆነው በሰጡት መግለጫም ሕይወታቸውን ያተረፈው ሥርዓተ ማራገብ መሆኑን አስታወቁ። ያ በጢስ መካከል ፈገግ ያሉበት ፎቶግራፍ በየቢሮው ተሰቀለ፤ ሹመቱም ሳይዘገይ መጣ። አሁን ማራገብ ከተራራ ወርዶ በቆላም ግዴታ እንዲሆን ጥናት ላይ ነው።

ወደ ዋና ከተማው ሊሄዱ ሲሉ መሥሪያ ቤቱን ለመሰናበት መጡ። ሠራተኛውን ሁሉ በየተራ ጨብጠው ሲያበቁ ቡ ዊዳርቲን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ፈቀቅ አደረጓት።

«የፈሳሽ ከሰሉን በጀት ከፍ አድርጌልሻለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አመሰግናለሁ፣ ፓክ።»

ዞር ዞር ብለው አዩ። ኮሪደሩ ባዶ ነበር።

«ለእኔም መኪና እሱ ያለበትን ዘይት ለይተሽ አንድ ጀሪካን ላኪልኝ» አሉ። «የተሰጠኝ ቤት ተራራ ጥግ ነው። ጧት ጧት ይበርዳል አሉ።»